ስለ መሣሪያ መብዛትና ስለ ዘፈን ማነስ

ሰው ሥራውን ሳይጀምር ለመቆየት ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁሉ እጅግ የተከበረውና መልስም የማይገኝለት «ዕቃው አልተሟላልኝም» የሚለው ነው። ሰነፍ ቢሉት የሚያፍር፥ ፈሪ ቢሉትም የሚቆጣ ሰው፥ ዕቃ ጎደለው ቢሉት ግን ደስ እያለው ይቀበላል፤ ጉድለቱ የገበያው እንጂ የእርሱ አይደለምና። ይህ ምክንያት በየሙያው ሲሠራበት የኖረ ቢሆንም፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፅ እያወጡ ሙዚቃ በሚያቀናብሩት ወንድሞቻችን ዘንድ የደረሰበትን ማዕርግ ያህል በሌላው ዘንድ ደርሶ አያውቅም ብል አጋነንህ የሚለኝ አይኖርም፤ ሌላው ባለሙያ የጎደለውን ሲገዛ ጉድለቱ ይሞላለታል፥ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪ ግን በገዛ ቍጥር የጎደለው ይበዛበታል።

በአባቶቻችን መሣሪያዎች ዘንድ ይህ ችግር ሥፍራ አልነበረውም። ማሲንቆ ያላት አንዲት የጭራ አውታር ብቻ ናትና፥ አዝማሪው በግብዣ መካከል ቆሞ የትኛውን ልምታ እያለ ሲያመነታ ያየው የለም። ዋሽንትም አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ሸንበቆ ነውና፥ እረኛው አምስተኛው ቀዳዳ እስኪበሳለት ድረስ ከብቱን ዝም ብሎ አልጠበቀም። በገና አሥር አውታር ስላለው በዚህ ረገድ ባለጠጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀርቦ ላስተዋለው፥ ደርዳሪው ከአሥሩ ከፊሎቹን ብቻ እየመታ የቀሩትን የጣቱ ማረፊያ ያደርጋቸዋል እንጂ ሁሉንም አይነካም፤ ማለትም አበው በአሥሩ አውታር መካከል እንኳ ጥቂት ዝምታ መድበው አስቀምጠዋል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ስንት የሠርግና የልቅሶ፥ ስንት የፍቅርና የፉከራ ዜማ እንደ ወጣ ቈጥሮ የጨረሰ ሊቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ዛሬ ግን ላፕቶፕ የገዛ ወጣት የዓለምን ኦርኬስትራ ሁሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይውላል። የከበሮ ድምፅ ብቻ በሺሕ የሚቈጠር አለው፤ የሚቀዳበት መስመር ማለቂያ የለውም፤ የተሳሳተውን ያጠፋል፥ ያጠፋውን ይመልሳል፥ የመለሰውንም እንደገና ያጠፋል፤ ዜማው ከፍ አለ ቢል ዝቅ፥ ፈጠነ ቢል ቀስ ያደርገዋል፤ ዘፋኙ ድምፁ ቢሰበር እንኳ ኮምፒውተሩ ይጠግንለታል። በአጭሩ፥ የሚከለክለው የለም፤ የሚከለክለው ስለሌለም የሚጀምርበትን አጥቶ ሲዞር ያመሻል።

የእኅቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጨዋ፥ ሥራ ወዳድ፥ ቤተሰቡን አክባሪ ልጅ ሲሆን፥ ቀን መሥሪያ ቤቱ ውሎ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ያቀናብራል። ክፍሉ ውስጥ ኪቦርድ አለ፤ ከኪቦርዱ አጠገብ ሌላ፥ አነስ ያለ ኪቦርድ አለ፤ ከዚያ በላይ በጣት የሚመቱ ሰሌዳዎች፥ የሚዞሩ ቁልፎች የሞሉባቸው ሳጥኖች፥ ሁለት ድምፅ ማጉያዎችና ከአልጋው ሥር ጀምሮ እስከ መስኮቱ የተጠላለፈ ሽቦ አለ፤ እኅቴም ልትጠርግ ስትገባ አንዱን ረግጣ የልጇን የወደፊት ዕድል እንዳታቋርጥ እግሯን እያነሣች ትራመዳለች። አንድ ማታ ለጥየቃ ሄጄ ሳለሁ፥ «ጋሼ፥ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» ብሎ ወደ ክፍሉ አስገባኝና አንድ ነገር ነካ፤ ዱም አለ። «ይህኛውስ?» ብሎ ሌላ ነካ፤ ዱም አለ። ሦስተኛውንም ነካ፤ እርሱም ያለ ሐፍረት ዱም አለ። የመጀመሪያው ሙቀት እንዳለው፥ ሁለተኛው ግን ደረቅ እንደ ሆነ፥ ሦስተኛው ጡጫ ቢኖረውም ጅራቱ እንደሚረዝም በትዕግሥት አስረዳኝ። በሦስቱ ዱም መካከል ያለው ምሥጢር አልገለጽልህ ብሎኝ፥ «ለመሆኑ ዘፈኑ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ገና ነው ጋሼ፤ መጀመሪያ ኪኩ ይስተካከል» አለኝ፤ ኪክ የሚለው ያንኑ ዱሙን ነው። እራት ቀረበ፤ ተነሣ፤ ቡና ተፈላ፤ አቦሉ አለፈ፥ ቶናው አለፈ፥ በረካው ሲቀዳ ዱም ገና አልተመረጠም ነበር።

የጀመራቸውን ሥራዎችም አሰማኝ። ብዙ ናቸው፤ መልካሞችም ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ገና ጥቂት እንደ ተራመዱ ወደ መነሻቸው ተመልሰው ራሳቸውን የሚደግሙ ጅምሮች ስለ ሆኑ፥ አንዱም ከሚሄድበት ቦታ አልደረሰም። «ይህ ለምን አላለቀም?» ቢሉት ትክክለኛው የቤዝ ድምፅ የሚገኝበትን ሶፍትዌር ገና አልገዛም፤ «ያኛውስ?» ቢሉት ድምፅ ማጉያው ታች ያለውን ድምፅ አጥርቶ አያሰማውም። ሁሉንም ሰምቼ ሳበቃ፥ ይህ ልጅ ዕቃ ጎድሎት ሳይሆን እምቢ የሚለው ዕቃ ጎድሎት እንደ ተቸገረ ገባኝ።

የዚህን ጥበብ አባቶች ታሪክ ብንመረምር ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው መቅረጫ በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀረጸ። መቅረጫው በቴፕ ላይ ሳይሆን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚይዝ ከባድ ሣጥን ነበር። ኤል ዳብ የሴቶቹን ዜማ ይዞ ወደ ሬዲዮው ስቱዲዮ ተመለሰና፥ ቃሉን እየሸፈነ፥ ማስተጋባቱን እየጨመረ፥ ከዝማሬው ጭላንጭሉ ብቻ እስኪቀር ድረስ ሠራው፤ ይህም ሥራው ከተቀረጸ ድምፅ ከተሠሩት የዓለም ሙዚቃዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ዛር ምን እንደ ሆነ ለአማርኛ አንባቢ መተርጐም አያስፈልግም፤ ጎረቤቱን ቢጠይቅ ይበቃዋል። የሚያስደንቀው ግን ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ማቋቋሙ ነው። በኤሌክትሪክ ሙዚቃ ከቀደሙት አንዱ የሆነው ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሶኬት አልጠየቀም፤ ማሲንቆውን፥ ክራሩን፥ ዋሽንቱን፥ እያንዳንዱን ከነጉድለቱ በአንድ መድረክ ላይ ሰበሰበ እንጂ። ጉድለትን ማዳመጥ የለመደ ጆሮ ሽቦ ቢኖርም ባይኖርም ሥራ እንደማይፈታ ከዚህ እንማራለን።

ከእርሱ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ምቾት አላገኙም። እንግሊዛዊቷ ዴሊያ ደርቢሻየር በ1963 በቢቢሲ የድምፅ ክፍል ውስጥ «ዶክተር ሁ» ለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት የመግቢያውን ሙዚቃ ስታዘጋጅ ሲንተሳይዘር የሚባለው የኤሌክትሪክ ድምፅ መፍጠሪያ አልነበራትም፤ ለመሣሪያ መፈተሻ የተሠራውን የድምፅ ማመንጫ እያናገረች፥ የምትፈልገውን ድምፅ ሁሉ በቴፕ ትቀዳ፥ ቴፑን በምላጭ ትቈርጥ፥ ቍራጩን ከቍራጩ ታጣብቅ ነበር። አሜሪካዊቷ ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የባክን ድርሰቶች በሙግ ሲንተሳይዘር ስትጫወት ደግሞ፥ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ የማያወጣ ስለ ነበር፥ ሰሚው በአንድ ትንፋሽ የሚሰማውን ስምምነት እርሷ በቴፕ ላይ ድምፅ በድምፅ እየደረበች ገነባችው፤ ያም አልበቃ ብሎ መሣሪያው ከቅኝቱ በየጊዜው ስለሚወጣ ጥቂት ተጫውታ መቃኘት፥ ቃኝታ ደግሞ ጥቂት መጫወት ነበረባት። የእኅቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ምስኪን!» አለ። ምስኪኗ ግን ሥራዋን ጨርሳ ሸጠችው፤ በብዙም ተሸጠ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀው የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ ታሪክ ነው። ኩባንያው በ1980 ቲአር 808 የተባለ የከበሮ መሣሪያ አወጣ። መሥራቹ ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይህን መሣሪያ ሲያሠሩ፥ ሌላው ፋብሪካ እንከን አለባቸው ብሎ የጣላቸውን ትራንዚስተሮች ሆን ብለው ያስገዙ ነበር፤ መሣሪያው ለብቻው የታወቀበትን ያን ጺጽ የሚል ድምፅ የሚያወጣው እንከኑ ነበርና። በዚያው ዓመት የወጣው የሊን ድራም ማሽን የእውነተኛ ከበሮ ቅጂ ይዞ በ5,000 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፥ 808 ዋጋው 1,195 ዶላር ቢሆንም ድምፁ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተነቀፈ። 12,000 ያህል ከተሠራ በኋላ በ1983 ምርቱ ቆመ፤ የቆመበትም ምክንያት ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ለሰባኪም የሚሆን ነው፤ የትራንዚስተር ፋብሪካዎች ሥራቸውን እያሻሻሉ ሄዱና እንከን ያለበት ዕቃ ከገበያ ጠፋ፥ እንከኑ ሲጠፋም መሣሪያውን መሥራት አልተቻለም። ከዚህ በኋላ አሮጌው 808 በርካሽ ሲሸጥ፥ ከበሮ የሚመስል ከበሮ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው የአሜሪካ ወጣቶች እየገዙ ወሰዱት፤ ከበሮ ባለመምሰሉም አልተቀየሙትም፤ ያ የማይመስል ዱም ይኸው ዛሬ በየታክሲያችን የኋላ መቀመጫ ሥር ወገባችንን ያንቀጠቅጠዋል።

ወንድሙ ቲቢ 303 ዕጣው ከዚህ የከፋ ነበር። ከ1981 እስከ 1984 የተሠራው ይህ ትንሽ የብር መልክ ያለው ሳጥን፥ ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ በሚመታ ጓደኛ ፋንታ እንዲያገለግል የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ቤዝ አልመስል አለ፥ ዜማ ማስገባቱም አታካች ሆነ፥ ገዢውም ሸሸ። ፊውቸር የተባሉ የሺካጎ ልጆች ግን አንዱን አሮጌ ገዝተው፥ ቤዝ እንዲመስል ከመለመን ይልቅ እያጫወቱት ቁልፎቹን ወዲያና ወዲህ ቢጠመዝዙ፥ ሳጥኑ ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማውን ጩኸት ጮኸ፤ በ1987 የታተመው «አሲድ ትራክስ» የተባለው ሥራ ከዚያ ወጣ፤ አሲድ ሐውስ የተባለው የሙዚቃ ዓይነትም ስሙንና ድምፁን ከዚያው ወረሰ። በዚያው በ1987 ኢሙ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤስፒ 1200 ደግሞ ከሸክላ ላይ ድምፅ እየቀዳ መልሶ የሚያጫውት፥ ሳምፕለር የሚባል መሣሪያ ሲሆን፥ ጠቅላላ የሚይዘው አሥር ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። አሥር ሴኮንድ ማለት የእኛ አገር ሰው የጀመረውን ሰላምታ ሳይጨርስ የሚያልፍ ጊዜ ነው። የኒውዮርክ አቀናባሪዎች ግን በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት እያጣደፉ ይቀዱና፥ ከገባ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር፤ በዚህ ዘዴ ከአሥሩ ሴኮንድ ትርፍ አወጡ፤ ድምፁ በመጓተቱ የመጣው ሻካራነትም የዚያ ዘመን ሂፕ ሆፕ መለያ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በክብርና በቅደም ተከተል ዘርዝሬለት ሳበቃ፥ አሸነፍሁ ስል፥ እርሱ ጥቂት አሰብ አድርጎ፥ «ጋሼ፥ እነዚህ ሰዎች እኮ የተሻለ ቢያገኙ ኖሮ ይገዙ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አሥር ሴኮንድ የነበረው ሃያ ይመኝ ነበር፤ 808 የገዛውም ገንዘብ ቢኖረው ሊኑን በገዛ ነበር። ድህነት ብቻውን ዘፈን አቀናብሮ አያውቅም፤ ቢያቀናብር ኖሮ ዓለም በዜማ ብዛት በተጨናነቀች ነበር። በአገራችንም በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አዳክሞ፥ በኋላም አንድ ኪቦርድ የነፊዎቹን ሁሉ ሥፍራ ሲወርስ፥ እንጀራውን ያጣውን ሳክስፎን ነፊ «ወሰን ለጥበብ ይጠቅማል» ብለው ሊያጽናኑት ቢሄዱ የሚመልስልዎትን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ማጣትን የሚያወድስ ስብከት ለሰባኪው እንጂ ለተሰባኪው አይጣፍጥም።

እንግዲህ ነገሩን ማጣት ካልፈታው፥ ማግኘትም ካልፈታው፥ ምን ይፈታዋል? ለዚህ የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ከማንሣት የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሲጫወት ቆይቶ፥ በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር አብሮ ሄደና በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ሲቀርጽ፥ ባንድ አልነበረውም፤ መሣሪያ ግን አልጎደለውም ነበር። ሮድስ ፒያኖ ነበረው፥ ሙግ ሲንተሳይዘር ነበረው፥ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ የነበረውና የዘመኑ ኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ የሚጎመጀው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነበረው፥ ድራም ማሽንም ነበረው። በእነዚህ ብቻ ዘመናዊ ካሴት ሠርቶ መሸጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን በኦርጋንና በኪቦርድ ተገፍቶ ከፋሽን የወጣውን፥ በልጅነቱ ራሱን ያስተማረበትን አኮርዲዮን አንሥቶ ከመካከላቸው አስቀመጠው፤ ሌሎቹንም ሁሉ ለዚያ ለአሮጌው እንዲያጅቡ አደረጋቸው። ካሴቱን ያደመጠ ሰው ይህን ሹመት በጆሮው ያገኘዋል፤ ድራም ማሽኑ ሳይደክም ሳይፈጥን፥ ሳይስቅ ሳይቆጣ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ግን ወናፉ አየር ሲስብና ሲተፋ ዜማውን ትንሽ ያዘገየዋል፥ ትንሽ ያንገራግራል፥ በመጨረሻም እንደ ምንም ይደርሳል፤ ትንፋሽ ያለውና ትንፋሽ የሌለው ጎን ለጎን ሲሄዱ ከሁለቱም ለብቻ የማይገኝ ነገር ይወለዳል። ማንም አላስገደደውም፤ ገበያውም አልጠየቀው፤ ወሰኑን ራሱ አሰመረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ይህን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው፥ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅም ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ በኋላ መቀመጫ ላይ ይለማመድ ነበር። ክፍሌ ጠበበኝ የሚል አቀናባሪ ይህን ቢያስብ ክፍሉ በአንድ ሌሊት ይሰፋለታል።

በዚህ ጊዜ ነው ረኃብና ጾም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ትዝ የሚለን። በሆድ ዘንድ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በኅሊና ዘንድ ግን አንዱ ከውጭ የመጣ መከራ፥ ሁለተኛው ከውስጥ የወጣ ፈቃድ ነው። ረኃብ ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ ጾም ግን ሥጋውን፥ ቅቤውን፥ ወተቱንና ዕንቍላሉን ከልክሎ የእናቶቻችንን እጅ ወደ ምስሩ፥ ወደ ክኩ፥ ወደ ሱፍና ወደ ተልባው ስለ መለሰ፥ ዛሬ በያይነቱ ብለን የምንበላው ሁሉ የዚያ የፈቃድ እምቢታ ልጅ ነው። ነገር ግን ነጋዴ የማይደርስበት ሥፍራ የለምና፥ የጾም ኬክ፥ የጾም ፒዛ፥ የጾም ማኪያቶ ደግሞ ተከታትሎ መጣ፤ ሰውም ምንም ሳይቀርበት መጾም ቻለ።

የሙዚቃ መሣሪያ ገበያም ይህን መንገድ ሳይስት ተከትሎታል። አባቶች ሲሸሹት የኖሩትን የቴፕ ሹክሹክታ ጥርት ባለው ቅጂ ላይ የሚጨምር ሶፍትዌር ይሸጣል፤ የሸክላውን መንጫጫት፥ የአሮጌውን ሳምፕለር ሻካራነት፥ የትራንዚስተሩን እንከን ለክቶና ሰፍሮ የሚያቀርብ ሶፍትዌርም አለ። ሮላንድ ራሱ በ2017 የ808ን ድምፅ በትንሽ ሳጥን አድርጎ ቲአር 08 በሚል ስም አውጥቶታል። እንከን ያለበት ዕቃ ጠፍቶ ምርት በቆመበት ዓለም እንከኑ በእንክብካቤ ተመርቶ ይሸጣል ቢሏቸው ካኬሃሺ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ። የእኅቴ ልጅም ምክሬን በልቡ አኑሮ፥ «ውሱን መሣሪያ ይሻላል» በሚለው ተስማምቶ፥ ውሱን የሆነ ትንሽ የከበሮ ሳጥን ገዛ፤ የከበሮው ሳጥን ዜማ ስለማይጫወት ዜማ ብቻ የሚጫወት ሌላ ውሱን ሳጥን ገዛ፤ ሁለቱ ውሱኖች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ሦስተኛ ደግሞ አስፈለገው። ውሱንነት በዛበትና ጠረጴዛው ጠበበ።

ስለዚህ ወሰን ከሱቅ አይገዛም፤ ከሱቅ የሚገዛው ዕቃው ብቻ ነው። ወሰን የሚሠራው ሰውየው ከሥራው አስቀድሞ ፈርዶ ፍርዱን ሲያከብረው ነው። አሥር ሴኮንድ ብቻ የነበረው አቀናባሪ ምን እንደሚቀዳ ከመቅዳቱ በፊት በጆሮው መወሰን ነበረበት፤ ካርሎስም ከታች ያለውን ድምፅ በቴፕ ላይ ካስቀመጠች በኋላ የላይኛው የሚቆመው በዚያ ላይ ስለ ሆነ፥ የታችኛውን እንደ ቤት መሠረት አምና ትሄዳለች። ያጠፋውን ሁሉ መመለስ የሚችል ሰው ግን የሚያምነው መሠረት የለውም፤ ዛሬ የመረጠው ዱም ነገ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ከዱሙ በላይ ያለው ሁሉ በእንግድነት ይኖራል። የቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ከእኛ በፊት አውቀውታል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው ብለው ወሰኑ፤ ተማሪው ሦስተኛ ቤት ቢለምን አይሰጡትም፤ በሦስተኛው ቤት ምሥጢሩን ሊያብራራ ነውና፥ ሲያብራራ ደግሞ ቅኔው ያልቃል። ሰፋ ያለ ነገር ለመናገር የሚሻ ስምንት ቤት ያለው መወድስ አለለት፤ ነገር ግን መወድስም ቢሆን ዘጠነኛ ቤት የለውም።

ከብዙ ክርክር በኋላ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከልጁ ጋር ውል ተዋዋልን፤ እኅቴም በምስክርነት ተቀመጠች። እስከ ፋሲካ ድረስ ከአንድ የከበሮ መሣሪያ፥ ከአንድ የቤዝ ድምፅና በስልኩ ከቀረጸው የጎረቤት ክራር በቀር ምንም አይነካም፤ መስመሩ ከስምንት አያልፍም፤ አንድ ድምፅ ሊጨምር ቢፈልግ ካሉት አንዱን ያወጣል፤ ኪኩም አቦል ተጠጥቶ ሳያልቅ ይመረጣል፥ ከተመረጠም በኋላ ይግባኝ የለውም። አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ቢያምረው ደግሞ፥ ያለው መሣሪያ የከለከለውን ነገር በስሙ ጽፎ ለእናቱ እንዲያስረክብ ተስማማን። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ አንዲት ወረቀት ጽፎ አቀረበ፤ በወረቀቷ ላይ ያለው ቃል «ሙቀት» የሚል ነበር። እኅቴ ወረቀቷን ገልበጥ አድርጋ አየችና፥ «ሙቀት ከሆነ ያስፈለገህ ጋቢው ከቁም ሣጥኑ አለ» ብላ መለሰችለት። ጥያቄው በዚህ ተዘጋ።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ተበሳጨ፤ ቀጥሎ ተከራከረ፤ ከዚያም የሚከራከረው ስላጣ ከክራሩ ጋር መከራከር ጀመረ። ክራሩ የተቀረጸው ከመንገድ ዳር በሚገኝ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማል፤ ልጁ ሊያጠፋው ብዙ ደከመ፤ አልጠፋ ሲለው ጥሪውን ቈርጦ በየአራት ምቱ መጨረሻ ላይ አኖረው፤ አሁን ያ ጥሪ በዘፈኑ ውስጥ ተቀባይ ሆኖ ያገለግላል። የቤዙ ድምፅ አንድ ብቻ ስለ ነበር፥ ድምፁን መለወጥ ቢከለከል ዜማውን ለወጠው፤ ዜማውም ሲለወጥ ጅምሩ ወደ መነሻው መመለሱን ትቶ ወደ ፊት መሄድ ግድ ሆነበት።

ዘፈኑ ከሆሣዕና በፊት አለቀ። መልካም ነው ብዬ ምስክርነት ለመስጠት ዕውቀቱ የለኝም፤ ኪኩም እኔ እንደምሰማው ያው ዱም ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ፥ መካከልና መጨረሻ እንዳለው፥ መጨረሻውም ከተነሣበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ ደርሶ እንደሚቆም፥ በየትኛውም ዳኛ ፊት ቀርቤ በመሐላ እመሰክራለሁ።